ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻ

ኢዳን በአሥር ደቂቃ ውስጥ «ሰርቨር» የሚለውን ቃል አሥራ አራት ጊዜ ተናገረ። ሃዳር ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቆጥራዋለች። ከአሥራ አራቱ ትክክለኛ ቦታቸው ላይ የዋሉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። በቀሩት ኢዳን ሰርቨር ያለው አንዴ መረጃው የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ፣ አንዴ ኢንተርኔቱን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስክሪን ነበር።

ሰዉ ግን አጨበጨበለት። የማትናሱ አዳራሽ፣ ማለትም የሰፈሩ የማኅበረሰብ ማዕከል፣ በሽማግሌዎችና በአሮጊቶች ተሞልቶ ነበር። ግማሾቹ ኢዳን በዕብራይስጥ ከሚያወራው አንዲት ቃል አልገባቸውም፤ ቢሆንም ፈገግታውና የተበጠረው ጸጉሩ በቅቷቸዋል።

«አንደበቱ ይጣፍጣል» አሉ ከፊቷ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ለጎረቤታቸው።

አንደበት ብቻ ነው ያለው፣ አለች ሃዳር በልቧ።

ፕሮግራሙን ሁለቱ የሠሩት ለአሥራ አንደኛ ክፍል የኮምፒዩተር ትምህርት ማጠቃለያ ነው። በጃቫ የኮምፒዩተር ቋንቋ የተጻፈ ድረ ገጽ ሲሆን ሐሳቡ የመጣው ከሃዳር እናት ሥራ ነበር። እናቷ ማናለሽ በማትናሱ ውስጥ በጎ ፈቃደኛ አስተርጓሚዎችን ታስተባብራለች። ዕብራይስጥ የማይሆንላቸው ሰዎች ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖራቸው፣ እዚህ አገር ሁሉም «ቶር» ነው የሚለው፣ አብሯቸው የሚሄድ ሰው ትመድብላቸዋለች። ይህን ሁሉ ለዘጠኝ ዓመት በደብተር ስትይዝ ኖራለች። አሁን ግን ቶሩ ድረ ገጹ ላይ ይመዘገባል፤ ፕሮግራሙ አስተርጓሚ ይመርጣል፤ በዋዜማው ለአስተርጓሚው መልእክት ይልካል።

ኮዱን የጻፈችው ሃዳር ናት፤ ያውም ሁሉንም። የኢዳን ድርሻ ቀለሙ፣ ስላይዱና ምልክቱ ነበር። ምልክቱ ሁለት የሚጨባበጡ እጆች ናቸው፤ አንደኛው እጅ ስድስት ጣት እንዳለው ሃዳር ባትነግረው ኖሮ እንደዚያው ሊለጥፈው ነበር።

ንግግሩን ሲጨርስ ኢዳን ወደ ኋላ በጣቱ አመለከተ። «ሃዳርም አለች» አለ። «አእምሮው እሷ ናት።»

ሁሉም ዞር ብለው አዩዋት። ሃዳር አንገቷን ትንሽ ነቀነቀች። ምስጋናውን ሳይቀር በማያውቀው ነገር ላይ የሰጠው ሆኖ ተሰማት።

*

ከዚያ ሁለት ቀን በፊት፣ በትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ፣ ኢዳን ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሴቲንግ።»

«እሱንማ አያለሁ። ምን ይሠራል ነው የምልሽ?»

ሃዳር ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሣችም። አንድ ፕሮግራም በራስ ላፕቶፕ ላይ መሥራቱ አንድ ነገር ነው፤ ማንም ሊገባበት በሚችል ሰርቨር ላይ መጫኑ ደግሞ ሌላ። ሰርቨሩ ላይ ሲጫን ዳታቤዙ የት እንዳለ፣ በምን የይለፍ ቃል እንደሚከፈት፣ ሲነሣ ምን ማድረግ እንዳለበት አንድ በአንድ የሚነግረው ፋይል ያስፈልገዋል። ሃዳር ሁለት ፋይል አዘጋጅታለች፤ አንዱ ለልምምድ፣ ሌላው ለእውነተኛው ሥራ። የልምምዱ ቢበላሽ ምንም አይደል። የእውነተኛው ግን እያንዳንዷ ቃል ዋጋ አላት። ይህን ለኢዳን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር።

«ኢዳን፣ አንተ ብርቱካናማውን ቀለም የት እንደምታደርገው ተጨነቅ» አለችው። «ይኼን ለኔ ተወው።»

«እሺ፣ ግን አንቺ ባትኖሪስ?»

«እኖራለሁ።»

«ብትታመሚስ?»

«ታምሜም ካንተ የተሻለ እሠራለሁ።»

ኢዳን ሳቀ። እሱ ላይ ስትቀልድ ሁልጊዜ ይስቃል፤ ይህም ራሱ ያበሳጫታል። ሰው ሲናቅ እንዴት ይስቃል?

«ቢያንስ ገጹ ቢቆም ምን እንደማደርግ ንገሪኝ» አለ።

ሰርቨሩን የሚቆጣጠሩበትን ገጽ ከፈተችና አንድ ቁልፍ አሳየችው። «ሪስታርት። ይኼን ትጫናለህ፤ ያጠፋዋል፣ መልሶ ያስነሣዋል። የሦስት ዓመት ሕፃንም ይችለዋል።»

ሰዓቷን ስታይ ወደ ሰፈሯ ወደ ኪርያት ሀሻሮን የሚወስዳት አውቶቡስ ሊያመልጣት ሆነ። የመጨረሻዎቹን መስመሮች ቸኩላ ጻፈች፤ ጫነችው፤ ተነሣ፤ ሠራ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

የዚያኑ ዕለት ማታ እራት ላይ እናቷን «እማ፣ ያን ደብተር ከእንግዲህ ተይው» አለቻት።

ማናለሽ ደብተሩን ከፊቷ አላራቀችም። «ለጥቂት ጊዜ ሁለቱንም ብንይዝ ምን ይለናል? እስክንለምደው።»

«ሁለቱንም ከያዝሽ ፕሮግራሙን አላመንሽውም ማለት ነዋ። ደግሞ ማን ነው አሁን በእጁ የሚጽፍ? ሰው ቢያይሽ ይስቃል።»

ማናለሽ ልጇን ትንሽ አየቻት። ከዚያ ደብተሩን ዘግታ መሳቢያ ውስጥ አስገባችው።

*

ሦስት ሳምንት ሁሉም ነገር ያለ እንከን ሄደ። ስልሳ አንድ ቶር ተመዘገበ። የኮምፒዩተር መምህራቸው ሐጊት፣ በቀላሉ የማትደነቅ ሴት፣ «ይኼ የልጅ ሥራ አይመስልም» አለች፤ በሚመጣው እሑድም፣ እዚህ አገር የሥራ ሳምንት በሚጀመርበት ቀን፣ ሃዳርና ኢዳን በከተማው የትምህርት ኮሚቴ ፊት እንዲያቀርቡ አስመረጠቻቸው። ኮሚቴው ከወደደው ፕሮግራሙ ወደ ሌሎች ማትናሶችም ይሄዳል።

ማክሰኞ ጠዋት ሃዳር የሒሳብ ፈተና ላይ ነበረች። ስልኳ ከሌሎች ስልኮች ጋር የመምህሩ ሣጥን ውስጥ ነው። ማትናሱ ውስጥ ድረ ገጹ ቆመ፤ ይሽከረከራል እንጂ አይከፈትም። ማናለሽ ለልጇ ሦስት ጊዜ ደውላ ስታጣት ወደ ኢዳን ደወለች።

ሃዳር ከፈተናው ስትወጣ ኢዳን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱ ላይ ፈገግታ አልነበረም፤ ያለ ፈገግታ ሌላ ሰው መሰላት።

«ሪስታርት አደረግሁት» አለ። «ቆሞ ነበር፤ እናትሽ ደወለችልኝ። ተነሣ፣ ግን ባዶ ነው። አንድም ስም የለም።»

«ምን ነካካህ?»

«ሪስታርት ብቻ።»

«አንተ ‹ብቻ› ስትል ነው የሚያስፈራኝ። ሌላስ?»

«ሌላ ምንም። እምልልሻለሁ፣ ሃዳር። ምናልባት ሁለቴ ተጭኜው ይሆናል። ሁለቴ መጫን ያጠፋዋል እንዴ?»

አጠገባቸው ያለፉ ሁለት የክፍል ልጆች ቆመው ያዳምጡ ነበር፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ኢዳን የሽማግሌዎቹን ቀጠሮ እንዳጠፋ ያልሰማ አልነበረም። «ለእሱ ሰርቨር መስጠት ለሕፃን ምላጭ መስጠት ነው» አለ አንዱ፤ ሃዳር ሳቀች።

ሐጊት ኢዳንን ለብቻው ጠራችው። ሲመለስ ጆሮው ቀልቶ ነበር። የሰርቨሩን የይለፍ ቃል ወስዳበታለች። እሑድ ኮሚቴው ፊት የምትቀርበው ሃዳር ብቻዋን ናት።

«ልክ ናት» አለ ኢዳን። «እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው። ስሊሐ፣ ሃዳር።»

ይቅርታውን በትንሽ የራስ ንቅናቄ ተቀበለችው።

*

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብታ ላፕቶፑን ከፈተች። ኢዳን ምን እንደነካ ማወቅ ፈለገች፤ እውነቱን ለመናገር፣ የሞኝነቱን ልክ በዝርዝር ማየት ፈልጋ ነበር። ሰርቨሩ የሚሠራውን ሁሉ ይመዘግባል። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበበች።

ኢዳን ሪስታርት ተጭኗል። አንድ ጊዜ። ሌላ ምንም አልነካም።

ከሥሩ ያለው መስመር ሰርቨሩ ራሱ የጻፈው ነው፤ ቶሮቹ የሰፈሩባቸውን ሰንጠረዦች አጠፋሁ ይላል። ቀጥሎ፦ ሰንጠረዦቹን አዲስ ፈጠርሁ።

ሃዳር የእውነተኛውን ሥራ ፋይል ከፈተች። ከታች ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ አጭር ቃል ተቀምጧል። ትርጉሙ፦ በተነሣህ ቁጥር ያለውን ሁሉ አጥፍተህ ባዶ ፍጠር። በልምምዱ ፋይል ውስጥ ይህ ቃል ትክክል ነው፤ የልምምድ ስሞች ቢጠፉ ማን ይጎዳል? እዚህ ያስገባችው ግን ሰርቨሩ ሰንጠረዦቹን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲፈጥርላት ብላ ነበር። በማግሥቱ አውጥታ በቦታው «አረጋግጥ እንጂ አትንካ» የሚል ቃል ልትተካ አስባ ነበር። ከጎኑ በራሷ እጅ ማስታወሻ ጽፋለታለች፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻ። ነገ ይቀየራል።

የፋይሉ የለውጥ ታሪክ ማን የትኛውን መስመር መቼ እንደጻፈ ያስቀምጣል። ከመስመሩ አጠገብ የሷ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ ነበር። አውቶቡሱ ሊያመልጣት የነበረ ጊዜ ነው።

ሰርቨሩ በነፃ የሚሰጥ ዓይነት ስለሆነ ቅጂ አይዝም። ለሦስት ሳምንት ማንም ሪስታርትን አልተጫነውም፤ ማንኛውም ሰው በማንኛውም ቀን ቢጫነው ያው ነበር የሚሆነው። ራሷ ብትጫነውም።

ሃዳር ተነሥታ ውኃ ጠጣች። ተመልሳ ተቀመጠችና ቃሉን ቀየረች፤ ጫነችው። ሥራው በሙሉ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ይህን መስመር ከፍቶ የሚያይ ማን አለ? ሐጊት ጊዜ የላትም። ኢዳን ፋይሉን ከፊቱ ብታደርግለት እንኳ ምኑንም አያውቀውም። ደግሞስ ለእሱ ምን ይጎድልበታል? ከአንድ ወር በኋላ ራሱ እንደ ቀልድ ያወራዋል። ላልሠራው ሥራ ሲጨበጨብለት ኖሯል፤ ላልሠራው ጥፋት ትንሽ ቢወቀስ ሒሳቡ ይቀራረባል።

ይህን ሁሉ ለራሷ ነገረች። አነጋገሯ ጥሩ ነበር፤ ኢዳን እንኳ ከዚህ የተሻለ አያቀርበውም ነበር። ይህ ሲታሰባት ላፕቶፑን ዘጋችው።

*

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ማትናስ ስትደርስ ኢዳን ከእናቷ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ ስልክ ይደውል ነበር። ትናንትም መጥቶ ነበር። ማንም አልጠራውም። ማናለሽ ከስልኳ ላይ የሁሉንም ሽማግሌዎች ቁጥር ሰጥታዋለች፤ እሱም ተራ በተራ እየደወለ ቶራቸው መቼና የት እንደሆነ እየጠየቀ መልሶ ያስገባል። ፊቱ ያለው ወረቀት ላይ የአማርኛ ቃላት በዕብራይስጥ ፊደል ተጽፈዋል።

«ጤና ይስጥልኝ» ይላል ኢዳን፣ ቃላቱን እየሰባበረ። «ኢዳን እባላለሁ። ቶር አለዎት? መቼ?»

በሌላኛው ጫፍ የሚያነሡት ይስቁበታል፤ ደጋግመው ያስብሉታል፤ አንዳንዶቹ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ያገናኙታል። ሠላሳ ስምንቱን መልሶ አስገብቷል። አምስቱ ስልክ አያነሡም። ሃዳር ስሞቹን አየችና ወንበር ሳበች።

«እናትሽ ኩፓት ሖሊም ሄዳለች» አላት፤ ክሊኒኩን ማለቱ ነው። «የጠፉትን እዚያ ዝርዝራቸው ውስጥ ትፈልጋለች። አንቺ ከዚህ ጀምሪ።»

እሺ እንኳ ሳትል በሩ ተከፈተና ፈንታዬ ገቡ። ሃዳር ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች፤ በፊት እነሃዳር ይኖሩበት በነበረው ሕንፃ ከሥር ያለው ቤት የእሳቸው ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአገር ቤት በአውሮፕላን ከመጡት ናቸው። ቀኝ ዓይናቸውን ነጭ ሸፍኖታል። በግራ እጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ ጠረጴዛው ድረስ መጡ።

«እናትሽ የለችም?»

«ወጥታለች እማማ ፈንታዬ፣ አሁን ትመጣለች። ይቀመጡ።»

«ልቀመጥ አልመጣሁም።» ሆኖም ተቀመጡ። «ትናንት የዓይኔ ቀን አልነበር? ሰው ይመጣልሻል አሉኝ። ከሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ማን ይምጣ። ስሜን ሲጠሩ ብቻዬን ገባሁ። ሐኪሙ ይለፈልፋል፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ኋላ ወረቀት ዘረጋልኝ፤ ፈርሚ ነው መሰለኝ። ምኑን አውቄ እፈርማለሁ? ዓይኔን ሊያጥበው ይሁን ሊያወጣው በምን ይታወቃል? እምቢ አልሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንዲት ልጅ ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ። እየጮኸች ነው የምትነግረኝ፤ ስትጮህ የሚገባኝ መስሏት። ደንቆሮ አይደለሁ። ይኸው።»

ወረቀት ሰጧት። ሃዳር አነበበችው። ከአስተርጓሚ ጋር ትምጣ፣ ይላል፤ ከሥሩ አዲስ ቀን አለ።

«ስንት ወር ነው?» አሉ ፈንታዬ።

«አምስት።»

«አምስት» አሉ፣ ቃሉን እንደ ፍሬ ዘር ከአፋቸው እየተፉ። «ኮምፒዩተሩ ስምሽን አጠፋው አሉኝ። ኮምፒዩተር እጅ አለው እንዴ? የነካው ሰው አለ። ማን ነው የነካው?»

«ኮምፒዩተር» የሚለውን የሰማው ኢዳን ስልኩን አስቀመጠ። «ምን አሉ?» አለ በዕብራይስጥ።

እናቷ ለበጎ ፈቃደኞቹ የምትነግራቸው የመጀመሪያው ነገር አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም የሚል ነው። ሃዳር የተባለውን ሁሉ ነገረችው፤ ደጃፉን፣ ወረቀቱን፣ አምስቱን ወር፣ ጥያቄውንም።

ኢዳን ከወንበሩ ተነሣ። «እኔ ነኝ በያቸው። በጣም አዝናለሁ በያቸው። ምንም ሰበብ የለኝም።» ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ «ስሊሐ» አለ በቀጥታ።

እሷን ቃል ፈንታዬ ያውቋታል። ሆኖም ሙሉውን ለመስማት ወደ ሃዳር ዞሩ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት ይላል» አለች ሃዳር። «አዝናለሁ ይላል።» ድምፅዋ የተስተካከለ ነበር።

ፈንታዬ በደህናው ዓይናቸው ኢዳንን ከጫማው እስከ ጸጉሩ አዩት። «ይኼ ነው? ይኼ እንደ አውራ ዶሮ ያበጠረ? ንገሪው እስቲ። አንዱ ዓይኔ ከሄደ ቆየ፤ በቀረው ነው መንገድ የማቋርጥ። አምስት ወር ገበያ የሚያደርሰኝ እሱ ነው ወይ በይው።»

ነገረችው። ኢዳን አንገቱን ነቀነቀ። «ልክ ናቸው።»

«የማያውቁትን ነገር መነካካት ምን ይሉታል በይው። እናቱ አልነገረችውም ወይ?»

ነገረችው። ኢዳን አሁንም ነቀነቀ። መሬት መሬት አያይም፤ ቀጥ ብሎ እሳቸውን ነበር የሚያየው። ሃዳር ግን ከሁለቱም ዓይኗን አሸሽታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ታያለች።

«እንዲህ የሚሠራ ሰውን ከሰው የማይቆጥር ነው» አሉ ፈንታዬ። «እሱ ብቻ ዐዋቂ፣ የቀረነው ከብት። እንደዚያ ነው በይው። ጨርሻለሁ።»

ሃዳር አፏን ከፈተች። ይህ በዕብራይስጥ እንዴት እንደሚባል ታውቀዋለች፤ ቃላቱ ቀላል ናቸው። ኢዳን እየጠበቃት ነው። እሷ የምትለውን ሁሉ እንደ እውነት ሊቀበል፣ ጥፋቱን ሊውጥ ተዘጋጅቶ ቆሟል።

«እማማ ፈንታዬ» አለች በአማርኛ። «እሱ አይደለም።»

«ምን?»

«እሱ የተጫነው እኔ ተጫን ያልኩትን ነው። ያጠፋው እኔ የጻፍኩት ነው። ላስተካክለው አስቤ ረሳሁት። እሱ ይህን አያውቅም።»

ፈንታዬ ወደ ኢዳን፣ ከዚያ ወደ እሷ አዩ።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ስድብ የሰውን ልጅ ምን ብለሽ አሸከምሽው?» አሉ። «መጀመሪያውኑ ብትነግሪኝ አንችን ሰድቤ በአንድ ቋንቋ ይበቃኝ ነበር።»

«ምን አልሻቸው?» አለ ኢዳን። «ምን አሉሽ?»

ሃዳር ይህንንም ተረጎመችለት። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።

«አሳዪኝ» አለ ኢዳን። ላፕቶፑን ከፍታ የፋይሉን የቀድሞ መልክ አወጣችለት። ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ ቃሉን፣ ማስታወሻውን፣ ስሟን፣ ሰዓቱን።

«ይቺ አንዲት ቃል?»

«አዎ።»

«መቼ አየሻት?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አስረጂኝ ስልሽ…» አለና ተወው። ጫማው ሥር የተጣበቀ ማስቲካ እንደሚያይ ሰው አያት። ኢዳን እንዲህ ማየት እንደሚችል አታውቅም ነበር። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ስልኩን አነሣ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ለሚቀጥለው ቁጥር። «ኢዳን እባላለሁ።»

ሃዳር የመስመሩን ፎቶ አንሥታ ለሐጊት ላከችው። ከሥሩ የጻፈችው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ኢዳን የተጫነው የነገርኩትን ብቻ ነው። መልሱ ሩብ ሰዓት ቆይቶ መጣ፦ ኢዳንም እሑድ ያቀርባል። ያንቺን ነገር ለብቻ እንነጋገርበታለን። ሐጊት እንዲህ አሳጥራ ስትጽፍ ምን ማለት እንደሆነ ክፍሉ በሙሉ ያውቀዋል።

ማናለሽ ስትመለስ ፈንታዬ አሁንም ተቀምጠው ነበር። ሃዳር ለእናቷ በሌሎቹ ፊት፣ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ማናለሽ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ሰማቻት። አልተቆጣችም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀል ነበር።

«ደብተሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለች ብቻ። ከዚያ ወደ ሥራዋ ዞረች። ከክሊኒኩ ሆና ሆስፒታሉ ጋ አስደውላ ነበር፤ አንድ ሰው ቶሩን ሰርዟል። እሑድ ጠዋት ለፈንታዬ ሊሰጧቸው ፈቅደዋል፤ ግን አስተርጓሚ እንደሚኖር ዛሬውኑ ይረጋገጥ ብለዋል። «አስተርጓሚያቸው ባንች እሑድ ወደ ጦር ሰፈሯ ትመለሳለች፤ አትችልም። ለሌሎቹ ልደውልላቸው።»

«እሑድ ጠዋት» አለ ኢዳን፣ ስልኩን ዘግቶ። ሲደውል የለመደውን «እሑድ» የሚለውን ቃል ከወሬያቸው መሃል ሰምቷል። «የኮሚቴው ሰዓት ነው።»

ሃዳር የተዘጋጀችበትን ንግግር አሰበች። ሦስት ቀን በመስታወት ፊት ተለማምዳዋለች። ከወራት ጀምሮ የተመኘችው ቀን ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ ስለ ሥራው የሚያውቅ ሰው ስለ ሥራው የሚናገርበት ቀን።

«አንተ ብቻህን ታቀርባለህ» አለችው። «ስለ ሴቲንጉ መጠየቃቸው አይቀርም።»

«አላውቀውማ።»

«ማክሰኞ የሆነውንም ይጠይቁሃል። እንዳለ ንገራቸው፤ ስሜን ጭምር። ሴቲንጉን ዛሬ እስክንዘጋ አስረዳሃለሁ። ያልገባህን ጠይቀኝ።»

«አስር ጊዜ እጠይቅሻለሁ» አለ ኢዳን። አልሳቀም። «አስር ጊዜም በወጉ ትመልሺልኛለሽ።»

«ቤሴዴር፣ እሺ።»

ወንበሩን ለመሳብ አልቸኮለም። መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ጨርሶ አመለከተ፤ እስክሪብቶውን ከደነ፤ ከዚያ መጣ።

ሃዳር ድረ ገጹን ከፍታ አዲስ ቶር መዘገበች። የታካሚ ስም፦ ፈንታዬ። ቀን፦ እሑድ። ቦታ፦ የዓይን ክፍል። አስተርጓሚ በሚለው ሣጥን ፕሮግራሙ የሰው ስም ሊመርጥላት ሲል ከለከለችውና የራሷን ስም ጻፈች።

ፈንታዬ በደህናው ዓይናቸው ስክሪኑን እየተመለከቱ ነበር፤ ማንበብ አይችሉም፣ የሆነው ግን ገብቷቸዋል።

«አንች ነሽ የምትመጭው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ ነው የምትነግሪኝ? የምትወጂውን መርጠሽ አይደለም?»

«ሁሉንም።»

ፈንታዬ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ።

«እናያለን» አሉ።

ሃዳር «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነች።